አውሮፕላኑ ጫማ ነበረው ወይ?

ከዚህ በታች የምተርክላችሁን ግማሹን ብቻ እመኑ። የትኛውን ግማሽ እንደሆነ ግን አትጠይቁኝ፤ ባውቀው ኖሮ ሌላውን ግማሽ ባልጻፍሁት ነበር። ዕድሜዬ ሃምሳን ከተሻገረ ወዲህ ትዝታዬ እንደ ሰፈራችን የቧንቧ ውኃ ሆኗል፤ ሲመጣ ይደፈርሳል፣ ሊጠራ ሲል ይጠፋል። ባለቤቴ ሌንሴ ይህን ስጽፍ ከኋላዬ ቆማ ስታነብ ሁለት ጊዜ ሣቀች፣ አንድ ጊዜ ደግሞ «ውሸት» አለች። የትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እንደሆነ ብጠይቃት ሳትነግረኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ነገሩ የተጀመረው የዛሬ ሦስት ዓመት በፋሲካ ማግስት፣ ቡራዩ ባለው ቤታችን፣ በምሳ ላይ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው አማቴ ኦቦ ጉደታ ናቸው፤ የሱሉልታ ነዋሪ፣ በጉልምስናቸው የጦር አውሮፕላን መካኒክ የነበሩ፣ ዛሬ ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው፣ ምላሳቸውን ግን ምንም ነገር ያልጋረደው። ሁለተኛው አምሳ አለቃ ወርቁ ናቸው፤ የጫንጮ ሰው፣ የሟች አባቴ ወዳጅ፣ ከአማቴ ጋር በአንድ ሃንጋር ውስጥ ከአንድ የመፍቻ ሣጥን እየተሻሙ ሃያ ዓመት የሠሩ።

የእነዚህ ሰዎች ውለታ በሁለት በኩል ይዞኛል። አንደኛው ሚስት ሰጡኝ፤ ሁለተኛው ሚስት አስገኙልኝ። ሌንሴን ላገባ ሽማግሌ የላክሁት አምሳ አለቃን ነበርና። አማቴ «ልጁ ምን ተምሯል?» ብለው በጠየቁ ጊዜ፣ አምሳ አለቃ ሳያቅማሙ «መሐንዲስ ነው፤ እጁ የነካው ሁሉ ይነሣል» ብለው መለሱ። እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርሁት ፍልስፍና ነው። በኋላ ይህን ባስታውሳቸው፣ «ታዲያ ፍልስፍና ብዬ ልጅ ይሰጡኛል? ጉደታ መፍቻ የማይዝ ሰው ሰው አይመስለውም» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አማቴ «ኢንጂነር» ይሉኛል። ሱሉልታ በሄድሁ ቁጥር አንድ የተበላሸ ራዲዮ ይጠብቀኛል፤ በፌስታል ይዤው እወጣለሁ፣ ቡራዩ ላለ ራዲዮ ጠጋኝ እሰጠዋለሁ፣ በሳምንቱ በኩራት እመልሰዋለሁ። ትዳሬ ሃያ ዓመት የቆየው በሌንሴ ትዕግሥትና በዚያ ጠጋኝ እጅ ነው።

በዚያ ምሳ ላይ ታዲያ ዝም ብዬ ብበላ ምን ነበረበት? ዝም አላልሁም። «ልጅ ሳለሁ» አልሁ፣ «ጫንጮ ላይ፣ ከቤታችን በላይ ዝቅ ብላ ስታልፍ አንዲት የጦር አውሮፕላን አይቻለሁ። ባለ አንድ ሞተር፤ እግሯ የማይታጠፍ፤ ጎማዎቿም ጫማ የተጫሙ።» ጫማ ያልሁት ነፋስ እንዲሰነጥቅ ተብሎ ከጎማው ላይ የሚለበጠውን የቆርቆሮ ሽፋን ነው።

አማቴ የያዙትን አጥንት ሣህኑ ላይ አስቀመጡት። «ጫማ አልነበራትም» አሉ። «ባዶ እግሯን ነበረች።»

«ነበራት እንጂ» አሉ አምሳ አለቃ። «እኔ አይደለሁም እንዴ ሳጥበው የኖርሁት?»

«አንተ ስታጥብ የኖርኸው የአዛዡን መኪና ነው።»

«አንተ ደግሞ መኪናን ከአውሮፕላን መለየት የጀመርኸው ጡረታ ከወጣህ ወዲህ ነው።»

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩና ምስክር አደረጉኝ። እኔም መጀመሪያ «ነበራት» አልሁ። አማቴ ፊታቸውን ሲያጠቁሩ «አልነበራት ይሆናል» አልሁ። አምሳ አለቃ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ «በደንብ የታየኝ አንዱ እግሯ ነው» አልሁ። በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ ፍልስፍና ተናግሬ አላውቅም። አምሳ አለቃ ባርኔጣቸውን አንሥተው «ሃንጋር ውስጥ ሃያ ዓመት ዕውር ነበርህ ማለት ነው» ብለው ወጡ። ለሌላ ሰው ቀልድ ነው፤ ዓይኑን ሞራ ለጋረደው ሰው ግን ቀልድ አይደለም። ሁለት ክረምት ሙሉ ሰላምታ ተቋረጠ። ለቅሶ ላይ እንኳ ሲገናኙ አንዱ ከድንኳኑ መግቢያ፣ ሌላው ከጥጉ ይቀመጡ ነበር። ሁለቱም ሰማንያን የነኩ ናቸውና፣ ከሚቀጥሉት ለቅሶዎች አንዱ የማን ሊሆን እንደሚችል ሁላችንም እያሰብን አንናገረውም ነበር።

(ታላቅ ወንድሜ በቅርቡ እንዳስረዳኝ ከሆነ፣ በጫንጮ ሰማይ እንዲያ ያለ አውሮፕላን አልፎ አያውቅም። እኔ ያየሁት በአጎታችን ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ሥዕል ነው። በግራ በኩል ያለው እግር የተቀደደ ነበር አለኝ።)

አሁን ወደ ካርቶኑ ልምጣ። የምሠራው ሰበታ፣ በጅማ መንገድ ዳር ባለ አንድ ፋብሪካ፣ በሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ነው። ባለፈው ዓመት ውሉ ያለቀ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ለሠራተኛው አከፋፈለ። ለጥበቃው ብርድ ልብስ፣ ለጸሐፊዋ ማንቆርቆሪያ ደረሳት፤ ለእኔ አንድ ያልተከፈተ ካርቶን። ክዳኑ ላይ ያለውን ሥዕል ባየሁ ጊዜ ልቤ ዘለለ። እሷው ናት፤ ያቺው ባለ አንድ ሞተር፣ ያቺው የማይታጠፍ እግር። በሥዕሉ ላይ እግሯን ደመና ሸፍኖታል።

ካርቶኑን ስከፍተው ግን አውሮፕላን የለበትም። ያለው እንደ ወይን ዘለላ በግራጫ የፕላስቲክ ሐረግ ላይ የተንጠለጠለ ቁርጥራጭ ነው። አንዳንዱ የጤፍ ቅንጣት ያህላል። አምራቾቹ የሚሸጡት የአውሮፕላን ጥርጣሬን ነው ማለት ይቻላል፤ እርግጠኝነቱን ገዢው በራሱ እጅ እንዲደርስበት ትተውለታል። የአሠራር ወረቀቱን ገልጬ በቀጥታ ወደ እግሩ ሄድሁ። ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን አሉ፤ አንዱ ተጫምቷል፣ ሌላው ባዶ እግሩን ነው። በመካከላቸው የጥያቄ ምልክት ተቀምጧል። የሁለቱም ዓይነት እግር ቁርጥራጭ በሣጥኑ ውስጥ አለ። ስለዚህ ሠሪው እንደ ወደደ ያድርግ ማለት ነው። ሠሪው እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ ሳላስብበት ለአማቴ ደውዬ ተናግሬ ነበር።

«አካም ጅርታ፣ ኢንጂነር» አሉ ስልኩን እንዳነሡ።

«ደህና ነኝ አባባ፤ አንቱስ ደህና ነዎት?» ብዬ የካርቶኑን ዜና ነገርኋቸው።

«ሠርተህ አምጣልኝ» አሉ። «በእጄ ዳስሼ ልያት። ያንንም ሰውዬ ጥራው። መጥቶ ባዶ እግሯን ዳስሶ ይፈር።»

አምሳ አለቃም በበኩላቸው አላስቸገሩኝም። «እመጣለሁ ልጄ» አሉ። «ጉደታ ሲያፍር ሳላይ እንዴት እሞታለሁ? ጫማዋን ግን አደራ። ያን ዕለት አፌን ሞልቼ መሐንዲስ ነው ያልሁት እኔ ነኝ።»

ሁለቱን አሮጌ ወዳጆች በአንድ ቤት ለማገናኘት በመቻሌ ደስ ብሎኝ ለሌንሴ ብነግራት፣ ሽንኩርት መላጧን አቁማ አየችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «እሑድ ከሁለቱ አንዱ ማፈሩ አይቀርም አይደል?»

«አይቀርም።»

«ያፈረ ሽማግሌ ደግሞ ያንን ደጅ ሁለተኛ አይረግጥም። ታዲያ አስታራቂ ነህ ወይስ ገላጋይ መስለህ ጨርሰህ ልታቆራርጣቸው ነው የምትሄደው?»

መልስ ያጣ ሰው ሥራ ይጀምራል፤ እኔም ጀመርሁ።

ከካርቶኑ ጋር የመጣው ማጣበቂያ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ስለዚህ ከደጃችን ፊት ለፊት የሕንፃ መሣሪያ ወደሚሸጡት ወደ ሐጂ ከማል ዘንድ ሄድሁ።

«ምን ለማጣበቅ ነው?» አሉኝ።

«አውሮፕላን።»

ሐጂ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ብረት ነው እንጨት?»

«ፕላስቲክ ነው፣ ሐጂ።»

«እንግዲህ የሚሳፈርበትን አላህ ይጠብቀው» አሉና አንዲት ትንሽ ቱቦ አወጡ። «ይኼንን ሁለት በሬ አያላቅቀውም። እጅህን ብቻ ጠብቅ።»

እጄን ብቻ አልጠበቅሁም። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ወይም ዐርብ። አካሉን በደህና ገጠምሁ። ጅራቱ ትንሽ ወደ ቀኝ ቢያይም ከሩቅ ሲታይ እያሰበ ያለ ይመስላል። ከዚያ የግራውን ክንፍ በመዳፌ ደግፌ ማጣበቂያውን ስጨምቅ ቱቦው የተሸከመውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ተፋው። እስከ አሥር ቆጥሬ እጄን ላነሣ ስል ክንፉ አብሮ ተነሣ። አውራ ጣቴና መዳፌ ከክንፉ ጋር አንድ አካል ሆነዋል። ስቤ ባየው ከፕላስቲኩ ይልቅ ቆዳዬ ለመላቀቅ ፈቃደኛ መሰለኝ።

ይህን ስመረምር የእድራችን ለፋፊ በበራችን አለፈ። ከላይኛው መንደር አንድ ሽማግሌ አርፈዋል። ከለቅሶ የሚቀር የእድር አባል የራሱ ቀን ሲደርስ ማን እንደሚሸኘው ከወዲሁ ያስብበት፤ መቅረት የሚባል ነገር የለም። ሌንሴ አንድ ጊዜ እጄን፣ አንድ ጊዜ ፊቴን አየችና ጋቢ አመጣችልኝ። የአንድ የጦር አውሮፕላን ግራ ክንፍ ከጋቢ ሥር ይዤ ወደ ድንኳን ሄድሁ።

በለቅሶ ቤት መጨባበጥ አለ፤ እኔ ግን በቀኝ እጄ ጋቢዬን ጨብጬ ከወገቤ እያጎነበስሁ አለፍሁ። የክንፉ ጫፍ ስለታም ነበርና ባጎነበስሁ ቁጥር ጎድኔን ይወጋኛል፤ ሲወጋኝ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። «እንዴት ያለ አዛኝ ሰው ነው» ሲባል ሰማሁ። ሟቹን በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ብቻ አግኝቻቸው ነበር፤ ያኔም ፍየላቸው ጎመናችንን በልታ ተጨቃጭቀናል። አግዳሚው ላይ ስቀመጥ ጫፉ አዲስ ቦታ አገኘና ከልቤ ቃተትሁ። የሟች ልጅ አጠገቤ መጥቶ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። «ጋሼ፣ ይበቃዎታል፣ ራስዎን አይጉዱ» አለኝ። እሱ እኔን አጽናናኝ። እስከ ዛሬ ስንገናኝ ከመኪናው ወርዶ ነው ሰላም የሚለኝ።

ይህን ክብር ተጎናጽፌ በተቀመጥሁበት ሐጂ ከማል ከጎኔ አረፉ። ዓይናቸው ከጋቢዬ ጠርዝ ወደ ወጣው ግራጫ ነገር ሄደ፤ ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰ።

«የሞቱት እሳቸው» አሉኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ክንፍ የበቀለው አንተ።»

በሕይወቴ ሣቄን ለመቆጣጠር እንደዚያ ቀን ታግዬ አላውቅም። ትከሻዬ ተንቀጠቀጠ። ሰዉ ይህንንም ሐዘን አደረገልኝ።

ቤት እንደደረስሁ በሐጂ ምክር እጄን በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አራስሁት። እጄ ተላቀቀ። ሐጂ ያልነገሩኝ ያ ፈሳሽ ፕላስቲክን እንደ ቅቤ እንደሚያቀልጥ ነው። በግራው ክንፍ ላይ የአውራ ጣቴ ቅርጽ ከነመስመሩ ጎድጉዶ ቀረ። ለመታወቂያ አሻራ ስሰጥ እንኳ እንዲህ ጥርት ብሎ አልወጣም።

ቀለሙን በአጭሩ ልለፈው። ከውጭ በራችን የተረፈ ብርማ ቀለም ነበር፤ አውሮፕላኑም በራችንን መሰለ። የጅራቱን ቀይ ምልክት ከሌንሴ የጥፍር ቀለም ወሰድሁ። ሌንሴ ከራሷ ጥፍርና ከጅራቱ የትኛው እንዳማረ ጠየቀችኝ፤ ይህን ጥያቄ በጥንቃቄ መልሻለሁ።

እግሩ ብቻ ቀረ። ጫማውን ባደርግለት አማቴ በሰማንያ ዓመታቸው በወዳጃቸው ፊት፣ ያውም በገዛ ቤታቸው ይዋረዳሉ፤ አማት የተናገረውን ደግሞ በአደባባይ የሚያፈርስ አማች በእኛ ዘንድ አልተወለደም። ባዶ እግሩን ብተወው፣ ለእኔ ሲሉ በሽምግልና ወንበር ላይ የዋሹት ሰው አንገታቸውን ደፍተው ወደ ጫንጮ ይመለሳሉ። እውነቱን እንዳልከተል እውነቱን አላውቀውም። ለአንድ ሰዓት ያህል ካሰብሁ በኋላ የተማርሁት ትምህርት መፍትሔ ወለደልኝ፤ የቀኙን እግር አጫማሁት፣ የግራውን ባዶ ተውሁት።

ሌንሴ ገብታ ዞር ዞር እያለች አየችው። «በሱሉልታ ጭቃ አንድ ጫማው የቀረበት ሚዜ ይመስላል» አለች።

«ሁለቱም የየራሳቸውን ያገኛሉ።»

«ሁለቱም የሌላውን ያያሉ» አለች። ሌንሴ ፍልስፍና አልተማረችም።

እሑድ ጠዋት ከቡራዩ ተነሥተን አዲሱ ገበያ ወርደን የሱሉልታ ሚኒባስ ያዝን። ሌንሴ ጋቢና ገባች፤ እኔ ከኋላ፣ ካርቶኑን በጭኔ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፌ ተቀመጥሁ። ዳገቱን እየወጣን ሳለ የሌንሴ ቃል በጆሮዬ ይመላለስ ነበር። ሁለቱም የሌላውን ያያሉ። አማቴ ቀኙን ሲዳስሱ ይታየኛል። አምሳ አለቃ ግራውን ሲያዩ ይታየኛል። ከዚያም ሁለቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማምተው ወደ እኔ ሲዞሩ።

ከዳገቱ በላይ ፍተሻ ነበርና ሁላችንም ወረድን። አንድ ወጣት ፈታሽ ወደ ካርቶኑ ጠቆመ።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«አውሮፕላን።»

«ምን ዓይነት አውሮፕላን?»

እዚህ ላይ ለእውነት ያለኝ ፍቅር ጎዳኝ። «የጦር» አልሁ።

ከኋላዬ የነበረች አንዲት እናት ዶሮዋን ይዛ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች።

«ግን አሮጌ ነው» ብዬ ጨመርሁ። ይህም ነገሩን እንዳላሻሻለው ወዲያው ገባኝ።

ፈታሹ ካርቶኑን ከፈተ፤ ለረጅም ጊዜ አየ። «የራስህ ሥራ ነው?» አለኝ፤ አንቱታው ቀርቷል። አዎን አልሁት። ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛውም አይቶ «አንድ ጫማው የት ሄደ?» አለ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለውን እኔ የማስታውሰው እንደሚከተለው ነው፤ ፈታሹ አውሮፕላኑን እግሮቹን ይዞ አነሣው፤ እግሮቹም በእጁ ቀሩ። ሰውየው ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እኔም ችግር የለም አልሁት። በጣም ግልጽ ሆኖ ይታየኛል። የሰውየውን ፊት ሁሉ አስታውሳለሁ።

ሱሉልታ ስንደርስ አምሳ አለቃ ቀድመውን መጥተዋል። በሁለቱ ሽማግሌዎች መካከል አንድ ባዶ ወንበር አለ፤ ሁለቱም በየፊናቸው ግድግዳ እያዩ ያወራሉ፤ የሚያወሩት ግን ከግድግዳው ጋር ነው።

«እንዲያው ይኼ ሰውዬ ከጫንጮ የመጣው በእግሩ ነው መሰለኝ፤ አቧራ ይሸታል» ይላሉ አማቴ።

«አንዳንድ ቤት እንግዳ ሲመጣ ውኃ ይሰጣል ይባላል» ይላሉ አምሳ አለቃ።

ካርቶኑን ከባዶው ወንበር ላይ አስቀምጬ ከፈትሁት። አውሮፕላኑን በሁለት እጄ አውጥቼ ለአማቴ አቀበልሁ። አማቴ ጣቶቻቸውን ከአፍንጫው ጀመሩ፤ ፕሮፔለሩን አዞሩት፤ የአብራሪውን መቀመጫ ዳሰሱ፤ የጠመመውን ጅራት ሲነኩ «ምነው» ብለው አለፉት። ከዚያ እጃቸውን ወደ ሆዷ አወረዱት። እጃቸው ቆመ። ወደ ፊት ሄደ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እንደገና ቆመ።

«ኢንጂነር» አሉ፣ «እግሯስ?»

ኬላው ላይ ስለሆነው ነገር ልተርክ አፌን ስከፍት የአማቴ አውራ ጣት በግራው ክንፍ ላይ ካለው ጉድጓድ ገባ። ልክ እንደ ተለካለት ሆኖ ገባ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

«ወርቁ» አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልጠሩትን ስም ነው የጠሩት። «ና እስቲ እጅህን ስጠኝ። ይኼ የዛፉ ቦታ አይደለም?»

አምሳ አለቃ ከወንበራቸው ሳይነሡ አንገታቸውን ብቻ አሰገጉ። ከዚያ ተነሡ። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ክንፉን አዩ፤ እግር የለሹን ሆድ አዩ።

«ውይ» አሉ ቀስ ብለው። «ባቄላ ማሳ ላይ የወደቀችው ናት።»

«እሷው ናት።»

«ቦዩ ሁለት እግሯን ገንጥሎ ያስቀራት።»

«በሆዷ ሄዳ ሄዳ ዛፉን በግራ ክንፏ የሳመችው» አሉ አማቴ፤ ድምፃቸው እንደ ጎረምሳ ሆነ። «ባለማሳዋስ ትዝ ትልሃለች?»

«እንዴት ትዘነጋኛለች? አብራሪውን በዱላ ስታባርረው እኛ ዳገቱ ላይ ቆመን እንሥቅ አልነበር? ደግሞ አንተ ነህ ‹እመቤት፣ ጀርባውን ብቻ ምቺው፣ ራሱን ለመንግሥት ተይለት› ያልካት።»

«እሱን ያልኋት በኦሮምኛ ነው፤ አብራሪው አልሰማም።»

«በበሬ ነው የጎተትናት። አራት ጥማድ።»

«ሦስት።»

አምሳ አለቃ አሰቡ። «ሦስት ይሆናል» አሉ። «አንደኛው ጥማድ ባቄላውን ሲበላ ነው የዋለው።»

«እኛስ? እሸቱን ማን ጨረሰው?»

ሁለቱም ሣቁ። አማቴ ሲሥቁ ትከሻቸው የወዳጃቸውን ክንድ ይገፋል፤ ወዳጃቸውም መልሰው ይገፋሉ። ባዶው ወንበር ከመካከላቸው መቼ እንደተነሣ አላስታውስም። አምሳ አለቃ ወደ እኔ ዞረው ለአማቴ፣ «አላልሁህም? መሐንዲስ ነው ብዬህ ነበር። ሰው ሁሉ ስትበር ይሠራታል፤ እሱ ግን ያችን ቀን ሠራት» አሉ። እኔም በትሕትና አንገቴን ደፋሁ። ደፍቼ የሌንሴን ዓይን አመለጥሁ።

ግን ነገር አያልቅም። ውኃው መጥቶ፣ ምሳው ተበልቶ ሲያበቃ አምሳ አለቃ አውሮፕላኑን እንደገና አነሡና በጥፍራቸው ሆዷን መታ መታ አደረጉ።

«ለመሆኑ» አሉ፣ «በዚያን ቀን ከመገንጠሉ በፊት...»

ሌንሴ ሣህን እንደያዘች ቆመች። እኔም ቆምሁ።

«ወርቁ» አሉ አማቴ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። «እግር ለሌላት ስለ ጫማ አይጠየቅም።»

አምሳ አለቃ ጥቂት አሰቡ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አውሮፕላኑን ከራዲዮው አጠገብ በሆዷ አስቀመጧት። ዛሬም እዚያው ናት። አምሳ አለቃ በየአሥራ አምስት ቀኑ ከጫንጮ እየወረዱ ይጎበኟታል፤ ጠዋት ገብተው ከሰዓት በኋላ ይሄዳሉ። ስለ በሬዎቹ ቁጥር ይጨቃጨቃሉ፤ ይህ ግን ጤናማ ጭቅጭቅ ነው ይላሉ ሁለቱም።

ሌንሴ ስለ ኬላው ያላት ትዝታ ከእኔ ይለያል። በእሷ አባባል ፈታሹ አውሮፕላኑን በእጁ አልነካውም፤ አይቶ «ያምራል» ብሎ ካርቶኑን ዘጋ። ከዚያ ሁሉም ወደ መኪናው ሲመለስ እኔ ለሽንት ብዬ ከባሕር ዛፉ ኋላ ሄድሁ። «ካርቶኑን ይዘህ» ትላለች። «ሰው ለሽንት አውሮፕላን ይዞ ይሄዳል?» ይህን ጥያቄ ብዙ አስቤበታለሁ። በቂ ምክንያት ያለው ሰው ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ እኔ ግን እንደዚያ ማድረጌን አላስታውስም። ልጅ ሳለሁ ስላየሁት አውሮፕላን የተሳሳትሁ ሰው፣ ባለፈው ዓመት ስላየሁት ፈታሽ እንዴት ልማል?

አንድ ነገር ብቻ ሳልነግራችሁ ባልፍ ጽሑፉ ጎዶሎ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ሌንሴ የዚያን ቀን የለበስሁትን ኮት ልታጥብ አወረደችው። ኪሱን ከውጭ በኩል ዳሰሰች፤ ልክ እንደ አባቷ፣ ዓይኗን ወደ ሌላ ቦታ አድርጋ። ጣቶቿ አንድ ወፍራም ነገር ላይ ቆሙ፤ ቀጥለው አንድ ቀጭን ነገር ላይ ቆሙ። ከዚያ ኮቱን መልሳ ሰቀለችው።

«ይኼ ኮት ገና አልቆሸሸም» አለች። «እኔ ምንም አልዳሰስሁም፤ አንተም ምንም አታስታውስም።»

ይህኛውን በደንብ አስታውሳለሁ።